ሰማይ የሚሰማው አስላት

በሉክታ መንደር ሰውን የሚያስከብሩ ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ብዙ አጋዘን፣ ጥልቅ ውኃ ላይ ያረፈ የመረብ ቦታ፣ አልያም መጠጥ ሳይቀምሱ ሰባ ዓመት መድረስ። አስላት ከሦስቱ አንዱም አልነበረውም። አጋዘኖቹን ገና በጎረምሳነቱ አባክኗቸዋል፤ የመረብ ቦታው ሕፃን ቆሞ የሚሻገረው የሐይቁ ዳርቻ ነው፤ ስለ ሦስተኛው ዝም ማለት ይሻላል። ሠላሳ አራት ዓመት የመንገድ በረዶ መጥረጊያ መኪና ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በመንደሩ አዳራሽ የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ሌሎች ሲናገሩ ራሱን እየነቀነቀ ማርጀት ይገባው ነበር። አስላት ግን የሚቀመጠው ከፊት ነው፤ ምክንያቱም ይሰማል።

የሚሰማውም ሰማይን ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አንድ የጥር ምሽት፣ በሐይቁ በረዶ ላይ ተንበርክኮ መረቡን በበረዶው ውስጥ ከቦረቦረው ቀዳዳ ሲስብ፣ የሰሜን ብርሃን ከጥግ እስከ ጥግ ተዘረጋ፤ አረንጓዴው እየተጠቀለለና እየተተረተረ፣ ጠርዙ እንደ ፍም እየቀላ። በዚያች ቅጽበት አስላት አዲስ አቡጀዲ ሲቀደድ ያለ ድምፅ ሰማ። ምናልባት በእርግጥ ከሰማይ ሰምቶ ይሆናል። ምናልባትም ከጉልበቱ ሥር በረዶው ሲሰነጠቅ ይሆናል፤ ምናልባት የቆቡ የጆሮ መሸፈኛ ከአንገትጌው ጋር ሲፋተግ። ዛሬ እርሱ ራሱ አያውቀውም። በዚያው ሳምንት ሪስተን የምትባል ልጃገረድ በሱቁ በር ላይ አቁማው፣ «ድምፁ እንዴት ያለ ነው?» ብላ ጠየቀችው። እንዲያ ያሉ ዓይኖች እየተመለከቱት «እንጃ፣ በረዶው ይሆናል» ብሎ የሚመልስ ጎረምሳ በዚያ አገር እስካሁን አልተወለደም። አስላት ድምፁን አስረዘመው፣ አሳመረው፣ ዜማም ጨመረበት። በሚቀጥለው ወር ሁለተኛ ሰማሁ አለ። ሦስተኛ ሰማሁ ባለ በበጋው ተጋቡ።

ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚለው ብሂል ሉክታ አልደረሰም። የአስላት ስንቅ እያደር ከበደ፤ ይባስ ብሎ ሌሎችም ከእርሱ እየቆረሱ ይበሉ ጀመር።

የአገሩ ሰዎች ብርሃኑን፣ በሰሜን አውሮፓ ጫፍ በሚነገረው የሳሚ ቋንቋቸው፣ ጉኦቭሳሃስ ይሉታል። ቃሉ ከጎህ ጋር፣ ደግሞም ጅራቷ ከሚቀላው የጫካ ወፍ ስም ጋር ዝምድና እንዳለው አሮጌዎቹ ይናገሩ ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት ግን አንድ ጋዜጠኛ ለግማሽ ቀን ወደ መንደሩ መጥቶ፣ የአስላትን ታሪክ ሰምቶ፣ የዓሣ ሾርባውን ጠጥቶ ሲመለስ፣ ቃሉ «የሚሰማ ብርሃን» ማለት ነው ብሎ ጻፈ። ከማን እንደ ተረዳው አልገለጸም፤ አስላትም አላስተባበለም። አሮጌዎቹ ሳቁ። ልጆቻቸው ዝም አሉ። የልጅ ልጆቻቸው ነገሩን በትምህርት ቤት ተማሩት። ዛሬ የሪስተን ወንድም ዮቭና ለእንግዶች በሚያከራያቸው ሦስት የእንጨት ቤቶች ደጃፍ ላይ በአራት ቋንቋ ተጽፎ ቆሟል። የገዛ አፉን ቃል ትርጉም ከመንገደኛ የሚቀበል ሕዝብ «ቋንቋዬን ሰረቁኝ» ብሎ የመጮህ መብት የለውም፤ በሩን የከፈተው ራሱ ነው።

ከዚህም የባሰ ነበር። የዚያ አገር ሰው ድሮም ቢሆን በብርሃኑ ሥር አያፏጭም፣ አይጮኽም፤ በተንሸራታች ጋሪ የሚሄደውም የአጋዘኑን ቃጭል በጨርቅ ያፍን ነበር። ይህ፣ ሰው ከእርሱ ለሚበልጥ ነገር የሚያሳየው ጨዋነት ነው። አስላት ይህን ጨዋነት ወደ ሥልጣን ለወጠው። ቀኝ እጁን ከጆሮው ከፍ አድርጎ ሲያነሣ በሐይቁ ላይ ያለ የበረዶ ሞተር ሁሉ ይጠፋል፣ ጨዋታ ይቋረጣል፣ ውሻ ይታፈናል። እጁ በክረምት ሁለትና ሦስት ጊዜ ብቻ ይነሣ የነበረበት ዘመን ነበር። በኋላ ግን እጅየው ከቤት ውጭ ብቻ መሥራት አልበቃውም።

አንድ ጊዜ በመረብ ቦታ ድልድል ስብሰባ ላይ ዮቭና ብድግ ብሎ፣ «እኔ የምለው፣ አማቼ አስላት ባለፈው መኸር ሌሊት መረቡን እየገፋ እየገፋ ከኔ ቦታ ውስጥ...» ማለት ሲጀምር፣ አስላት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ እጁን አነሣ።

«ዝም! ሰማሁ።»

አሥራ አራት ሰዎች ትንፋሻቸውን ይዘው መስኮቱን ተመለከቱ። ሰማዩ በወፍራም ደመና ተሸፍኖ ነበር፤ በረዶም ይወርድ ነበር። ሦስት ደቂቃ ሙሉ አንድም ሰው ይህን አልተናገረም። እጁ ሲወርድ ዮቭና የነገሩ ጫፍ ጠፍቶበት ነበር።

«የት ላይ ነበርኩ?» አለ።

«ልትቀመጥ ነበር» አለው አስላት።

ዮቭናም ተቀመጠ። መረቡም በዚያው በዮቭና ቦታ ቀረ።

ሠላሳ አራት ዓመት ከሞተር ጋር ጎን ለጎን የተቀመጠ ጆሮ ግን ዕዳውን የሚከፍልበት ቀን አይቀርለትም። መጀመሪያ ወፎቹ ዝም አሉ። አስላት ወፍ ከአገር የጠፋ መስሎት ለዱር እንስሳት ጥበቃ ቢሮ አቤቱታ ጽፎ ነበር። ቀጥሎ ሕፃናቱ፣ ከዚያም ሴቶቹ ዝም አሉ፤ ከሴቶቹም አስቀድማ ሪስተን። ጆሮው እየደነቆረ በሄደ መጠን ከሰማይ የሚሰማው እየበዛ መጣ። መንደሩ አላስተዋለም ማለት አይቻልም፤ አስተውሎ ምክንያት ሠራለት። «የቅርቡን ቢያጣ የሩቁን አግኝቷል» ይሉ ነበር። ሕዝብ ለሚጠቅመው ውሸት የሚያወጣውን ብልሃት ለእውነት ቢያወጣው ኖሮ ሉክታ በሊቃውንት የተሞላች በሆነች።

ሪስተን ብቻ ምክንያት አልሠራችም። ከወንድሟ ከዮቭና ጋር ዓሣ እያጸዱ ሳሉ፣ «ትናንት ‹አንተ ሰውዬ፣ ደንቁረሃል ወይ?› ብዬ ጠየቅሁት» አለችው።

«እሺ፣ ምን አለሽ?»

«‹አዎ፣ ጨው ነው የጎደለው› አለኝ።»

ዮቭና እስኪያለቅስ ሳቀ። እርሷ አልሳቀችም። ባሏ አንድ ቃሏን በቅጡ ከሰማ ሰባት ክረምት አልፎት ነበር።

በዚያ ክረምት፣ በጥር ወር ነው ቁርጥ ያለ ነገር የመጣው። ሪስተን በጠዋት ከፊቱ ቆማ፣ ሁለት እጇን በአፏ ዙሪያ አድርጋ ጮኸች፤ «ዓርብ ለጆሮህ ቀጠሮ ይዤልሃለሁ! ጤና ጣቢያ!»

«ጆሮዬ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ምን ያልሆነው አለ!»

አስላት ማንኪያውን አስቀመጠ። «አንቺ ሴትዮ፣ አእምሮሽን አጣሽ እንዴ? እኔ ጆሮዬ ላይ ማሽን ሰክቼ ‹ሰማይ ሰማሁ› ብል ማን ያምነኛል? የውሻ መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?»

«ሰማዩ ይቅርብህ፤ እኔን ስማኝ።» ይህን ያለችው ሳትጮኽ ነው።

«ምን?»

«ምንም!»

«ምንም ከሆነ ለምን ትጮኺያለሽ?» ብሎ ወደ ገንፎው ተመለሰ። እንግዲህ የነገሩ ፍሬ ይህ ነበር፤ ወይ ስሙ ወይ ጆሮው። ሁለቱን አንድ ራስ አይሸከማቸውም፤ ስሙ ደግሞ ከጆሮው የበለጠ ለስላሳ ወንበር ሰጥቶታል።

ማክሰኞ ዶክተር ኪርሲ ከደቡብ መጣች። ሰማዩ ሲነድ ድምፅ ይኑረው አይኑረው የምትመረምር፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ሰውን ማሞኘትም ሆነ መሞኘት የማትወድ ሴት ናት። አራት ማይክሮፎኖች በሐይቁ ላይ ልትተክል፣ አንዱን ከአስላት አጠገብ ልታደርግ ነው። ለእርሱም ትንሽ ቁልፍ ሰጠችው።

«ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይጫኑት፤ መሣሪያው ሰዓቱን ይይዘዋል። ካልሰሙ ደግሞ አይጫኑ፤ አለመስማትም ለኛ መልስ ነው፣ አባቴ» አለችው።

«አዎን፣ ባለቤቴም ደኅና ናት» አላት።

ኪርሲ ወደ ሪስተን ተመለከተች። ሪስተን ጣሪያውን ተመለከተች።

ረቡዕ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ገብቶ ነበር። መንደሩ በሙሉ ከአስላት ኋላ ሃያ እርምጃ ርቆ፣ አፉን በሻርፕ ሸፍኖ ቆመ። የዮቭና እንግዶችም መጥተው ነበር። ብርሃኑ መጀመሪያ ከጫካው ጫፍ በላይ እንደ ቀጭን ጭስ ታየ፤ ወዲያው ተነሣ፤ ሰማዩን ለሁለት ከፈለ፤ እያንዳንዱ ፈትል በሌላው ውስጥ እየሮጠ፣ ከታች ሐይቁን አረንጓዴ፣ የሰዎቹን ፊት የሬሳ ፊት አስመሰለው። ይህን ያህል ታላቅ ነገር፣ ይህን ያህል ትንሽ ሰው ምስክር አድርጎ አይፈልግም።

አስላት ዘዴውን አስቀድሞ አዘጋጅቷል። ብርሃኑ ሲዘል ይጫናል። ለኅሊናውም መልስ አለው፦ «ድሮ ስሰማው ሲዘል ነበር የሚሰማው፤ አሁንም ሲዘል ድምፁ አለ ማለት ነው፤ እኔ ባልሰማው እንኳ አለ፤ ስለዚህ አልዋሸሁም።» እንዲህ ያለውን ሙግት ራሱን ለማሳመን የሚያቀርብ ሰው ዳኛውም እርሱ፣ ከሳሹም እርሱ፣ ጉቦ ተቀባዩም እርሱ ነው። ብርሃኑ ዘለለ፤ ተጫነ። እንደገና ዘለለ፤ እንደገና ተጫነ። ቁልፉን በደንብ ለመያዝ የቀኝ ጓንቱን አውልቆ ብብቱ ሥር አድርጎ ነበር።

በመካከሉ ክንዱን የነካው ሰው ነበር። ዞር ሲል ሪስተን የወደቀ ጓንቱን ይዛ ከጎኑ ቆማለች፤ ከንፈሮቿ ይንቀሳቀሳሉ። በዚህ ሰዓት! በዚህ ሁሉ ሰው ፊት! አስላት ጣቱን በከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም በይ የሚል ምልክት ሰጣትና ወደ ሰማዩ ተመለሰ። ከንፈሮቿ ግን መንቀሳቀሳቸውን አላቆሙም። ብርሃኑ ዘለለ፤ ተጫነ።

አርባ አንድ ጊዜ ተጫነ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከዓሣው ሾርባ ቀጥሎ፣ አዳራሹ እስከ በሩ ሞላ። አስላት ከፊት፣ በለመደው ወንበር ላይ፣ የበዓል ጥልፍ ልብሱን ለብሶና የብር ቁልፎቹን ወልውሎ ተቀምጧል። ኪርሲ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች አቁማ፣ «አሁን የማሰማችሁ ምስክሩ ቁልፉን በተጫኑባቸው ጊዜያት የተቀረጸውን ነው፤ ቀጭ የሚለው የቁልፉ ድምፅ ነው» ብላ ጀመረች። «የመጀመሪያው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ።»

ከማጉያው ጸጥታ ወጣ። በጸጥታው ውስጥ አንድ ሰው ንፍጡን ሲስብ ተሰማ። ቀጭ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳል በሚመስል ነገር ሳቁን ዋጠ።

«ሁለተኛው፤ ከዘጠኝ ደቂቃ።» የጫማ ሲጥሲጥታ። ረዘም ያለ የሆድ ጩኸት። ቀጭ።

«የሰማይ ሆድ ነው!» አለ አንዱ፤ አግዳሚዎቹ ተነቃነቁ።

«ሰባተኛው፤ ከአሥራ አምስት ደቂቃ።»

«አስላት! ጓንትህ!» የሪስተን ድምፅ ነው። «አስላት! አንተ ሰውዬ፣ ጓንትህ ወድቋል እኮ! ጣትህን ልታስቆርጠው ነው?» ቀጭ።

አዳራሹ ፈነዳ። አሮጊቶች እርስ በርስ ተደጋገፉ፤ ዮቭና ጭኑን እየመታ፣ «ጓንቱን ነው የሰማው! ጓንቱን!» ይላል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አስላት የሰማው ከእግሩ ሥር የወለሉን ንዝረት ብቻ ነበር። ዞር ብሎ ሲያይ የተከፈቱ አፎች፣ እንባ ያቀረሩ ዓይኖች፣ እርስ በርስ የሚደጋገፉ ትከሻዎች አየ። ከዚህ በፊት ድምፁን በቃል ሲተርክላቸው አንዳንዶች እንባ ያወጡ ነበርና፣ አሁንም ከመደነቅ ያለፈ ነገር አልመሰለውም። እንዲያውም ሁካታው ሰማዩን የሚደፍር ሆኖ ታየው። ተነሣ። ቀኝ እጁን ከጆሮው ከፍ አደረገ።

«ዝም!» አለ። «ይሰማችኋል?»

አዳራሹም ዝም አለ። ማንም አስቦበት አይደለም፤ ያ እጅ ሲነሣ ዝም ማለት ከልጅነት ጀምሮ አጥንታቸው ውስጥ የገባ ነገር ነው። ኪርሲም መሣሪያውን ለማጥፋት የዘረጋችው ጣት በአየር ላይ ቀረ። በዚያ ፍጹም ጸጥታ ውስጥ የሪስተን ድምፅ ቀጠለ፤ የሚጮኽ ሳይሆን፣ ሰው ለራሱ ብቻ የሚናገረው ዓይነት።

«ሰባት ክረምት። ሰማዩን ይሰማል፤ እኔን አይሰማኝም። በል ተጫን እንግዲህ። እኔ ስናገር ተጫን።»

ቀጭ።

ማንም አልሳቀም። አስላት እጁን እንዳነሣ፣ ፊቶቹ ሁሉ ከእርሱ ወደ ሪስተን ሲዞሩ አየ። እርሷም ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ ፊቷ ቀልቷል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሁሉ የሰማውንና እርሱ ብቻ ያልሰማውን ነገር ማወቅ ፈለገ።

«ምን አለ?» አላት። «ሪስተን፣ ምን አለ?»

ሪስተን ተነሥታ መጣች። አፏን ከጆሮው ጋር አገናኝታ፣ መንገዱ ማዶ እስኪሰማ ጮኸች፤ «ሰማዩ ምንም አላለም! የተናገርኩት እኔ ነኝ!»

«አንቺ?»

«ሌላ ማን አለህ!»

አስላት ተቀመጠ። ኪርሲ እንደ ሙያዋ ሥርዓት ነገሩን ቋጨች፤ ከአርባ አንዱ አንዱም ከሰማይ የመጣ ድምፅ እንዳልያዘ፣ ይህም ብርሃኑ ድምፅ የለውም ማለት ሳይሆን፣ በዚያች ምሽት በዚያ ሐይቅ ላይ አልተቀረጸም ማለት ብቻ እንደሆነ ተናገረች። በአዳራሹ ውስጥ ከተነገሩት ሁሉ በልኩ የተነገረ ነገር ይህ ብቻ ነበር፤ ስለዚህም ማንም አልወደደው። ዮቭና ብድግ አለ። ሲስቅ የነበረው እርሱ፣ የእንጨት ቤቶቹ ትዝ ብለውት ይሆናል፣ ፊቱን አኮሳተረና፣

«ይቅርታ፣ እመቤት፣ መሣሪያው እኮ የደቡብ ነው!» አለ። «የሰሜንን ነገር እንዴት ብሎ ይሰማል?»

ጭብጨባው ጣሪያውን አናወጠው። እንዲህ ሆኖ መንደሩ ለአስላት ውሸቱን አጥቦና ተኩሶ መለሰለት። ሊለብሰው ይችል ነበር።

ዓርብ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደ። ይህን ድፍረት ብሎ የሚያሞግስ ሰው ቢኖር ይታገሥ፤ ሪስተን የመኪናውን ቁልፍ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። ቢሆንም፣ ከዚያ ቀደም በር ላይ የቆመችበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያን ቀን ግን ካፖርቱን ሳትነግረው ለበሰ። ሌሊቱን ሁሉ ያገላበጠው የመንደሩ ሳቅ አልነበረም፤ ሳቁን አልሰማውማ። ያገላበጠው ፊቶቹ ወደ እርሷ የዞሩበት ቅጽበት ነበር።

መሣሪያው የመጣው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ከባቄላ አይበልጥም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለአስላት ባዳነቱ በአንድ ቀን ተነሣ፤ የሰማው ግን ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። የምድጃው በር እንደሚያቃስት፣ የገዛ ጥርሱ ሲያኝክ እንደሚንቋቋ፣ በሱቁ ውስጥ ደግሞ ሰዎች አጠገቡ ቆመው ስለ እርሱ፣ ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ ሳያደርጉ እንደሚያወሩ ተረዳ። ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ሲያወሩ ኖረዋል። «ይኸው መጣ፣ የሰማይ ስልከኛ» አለች ሻጯ። አስላት ዳቦውን ይዞ፣ «ደኅና ዋይ፣ መስመሩ ተጠግኗል» አላት። ሴትዮዋ መልስ መስጠቱን ረሳች።

በየካቲት መጨረሻ ሰማዩ እንደገና ነደደ። ዮቭና ስምንት እንግዶች ይዞ ሐይቁ ላይ ወጣ፤ አስላትንም አስጠራው፤ ሪስተንም ተከተለች። በመንደሩ ዘንድ፣ ያለ መሣሪያ ያን ያህል የሰማ ሰው በመሣሪያ ምን ሊሰማ ነው የሚል ታላቅ ተስፋ ነበር። አስላት በረዶው ላይ ቆሞ ቀና አለ። ብርሃኑ በራሱ ላይ ተተረተረ፤ ቀላ፤ ዘለለ። የእንግዶቹ ካሜራ ሲንጫጫ፣ አንዲት ሴት አፍንጫዋን ስትጠርግ፣ ሩቅ ሆኖ በረዶው ሲያጓራ ሁሉንም ሰማ። ከላይ የመጣ ነገር አልነበረም። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሲያወራለት የነበረው ነገር በራሱ ላይ በሙሉ ግርማው እያለፈ ነበር፤ እንደ ዓሣ ዲዳ ሆኖ።

«እህስ፣ አማቼ» አለ ዮቭና፣ «ዛሬ ምን ይላል?»

«ምንም።»

«ቆይ፣ አጥብቀህ ስማው።»

«አጥብቄ ሰማሁት። ምንም አይልም።»

ዮቭና ወደ እንግዶቹ ዞሮ በቋንቋቸው፣ «ዛሬ እጅግ ረቂቅ ነው ይላል» ብሎ ተረጎመ። እንግዶቹ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ አስላት ጠጋ ብሎ፣ በጥርሱ መካከል፣ «ምን ሆነሃል አንተ? እነዚህ እኮ ከባሕር ማዶ ነው የመጡት! እውነት ለመናገር ሌላ ቀን አላገኘህም?» አለው።

«ሌላ ቀንማ ብዙ ነበረኝ» አለ አስላት።

በሳምንቱ ሉክታ አዲስ ሰሚ አገኘች። ዮቭና፣ አንድ ምሽት ድንገት፣ በግራ ጆሮው፣ ሐር ሲቀደድ የመሰለ ነገር ሰማ። መንደሩም አመነው፤ አቡጀዲ ወደ ሐር ማደጉንም እንደ ዕድገት ቆጠረው። አስላትን ግን ይቅር ያለው ሰው የለም። ሲዋሽ ያከበሩት ሰዎች እውነት በተናገረ ማግስት ከፊት ወንበር አስነሡት፤ እንዲህ ያለውን ፍርድ የሚሰጥ ሸንጎ በዓለም ላይ ሉክታ ብቻ ብትሆን መልካም ነበር።

ያን የየካቲት ምሽት ግን፣ ዮቭና ገና በጥርሱ እያንሾካሾከ ሳለ፣ አስላት ትቶት ወደ ቤቱ አቅጣጫ ተራመደ። ሪስተን ከኋላው ነበረች። ሰማዩ ከበላያቸው መንደዱን ቀጥሏል፤ ቀና ብሎ ያየው አልነበረም። ከሐይቁ ወደ ዳገቱ ሲወጡ፣ ከኋላው ደረቅ፣ አጭር፣ ተከታትሎ የሚመጣ ድምፅ ሰማ። ቆመ። ድምፁም ቆመ። ሲራመድ እንደገና መጣ።

«ይህ ሳል ምንድን ነው?» አላት።

«የቱ ሳል?»

«ያንቺ ነዋ።»

«እሱማ ሁለተኛ ክረምቱን ይዟል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሃለሁ። በገና ማግስት፣ እራት ላይ።»

«እኔስ ምን አልኩ?»

«‹ደግ ነው፤ ድንች ጨምሪልኝ› አልክ።»

አስላት ከዳገቱ ላይ ቆሞ ቀረ። «ጨመርሽልኝ?»

«ጨመርኩልህ፤ ምን ላድርግ።»

የሚያምር ነገር ለመናገር ዕድሜውን ሙሉ የሠለጠነ ምላስ ነበረው፤ አሁን አልታዘዘውም።

«ድገሚው» አላት በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ያኔ ያልሽኝን። ከመጀመሪያው።»

ሪስተን ፊቱን መረመረችው። ዓይኖቹ ከእርሷ ላይ አልተነሡም።

«እዚህ ደረቴን ይወጋኛል» አለችው፣ ሳትጮኽ።

«የት ጋ?» አላት።